35 ሳንቲ ሜትር ባዶ ወረቀት

ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ ቅዳሜን ሙሉ ስለፋበት የዋልኩትን ሥራ ጨርሼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ እየተደነቅኩ ነበር። ግድግዳው ላይ 3.5 ሜትር የሚረዝም ጥቅል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5000 ዓመት ይነሳና ዛሬ ላይ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ዘመን 5 ሳንቲ ሜትር አለው። በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ቤት ውስጥ የማስተምራት ታሪክ በሙሉ እዚያ ላይ ነው። ለዓለም ታሪክ ሰማያዊ ካርድ፣ ለኢትዮጵያ አረንጓዴ።

እሷ ግን ዓይኗ ያረፈው የተለጠፈው ላይ አልነበረም። ጣቷን ላሊበላ ላይ አድርጋ ወደ ቀኝ ጎተተችው፤ ጎተተችው፤ ዓድዋ ላይ ደረሰች። በመሀል ሰማያዊው እንደ ጉድ ነው፤ አረንጓዴ ግን አንድም የለም።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ የኛ ሰዎች ተኝተው ነበር?»

በማስመሪያ ለካሁት። 35 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ወደ 700 ዓመት ማለት ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊበን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሮም አወዳደቅ በጻፈው ትልቅ ሥራው ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ለሺህ ዓመት ገደማ እንቅልፍ ላይ እንደነበሩ አድርጎ አስቀምጧል። የታሪክ ሰዎች ይህን አባባል ሲያፈርሱት ኖረዋል፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ስሰማው ደሜ ፈልቶ ነበር። ልጄ ጊበንን አላነበበችም። ያንኑ ሐሳብ ያነበበችው እኔ ከሠራሁት ግድግዳ ላይ ነው።

አራት ዓመት፣ ሦስት ዙር

የምንኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እዚህ ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያሳውቃል፤ ከማሳወቂያው ጋር የሚማሩትን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ያያይዛል። በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ ለውጥ ማሳየቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያቀርባል። በዝርዝሩ ላይ «ታሪክ» የምትለው አንዲት ቃል ናት። ከየት ተነስተህ የት እንደምትደርስ የሚጠይቅህ የለም። ነፃነቱ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ማታ ብቻህን ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ግን ያስፈራል።

አሜሪካ ውስጥ ቤት ከሚያስተምሩ ወላጆች መሀል በጣም የታወቀ አንድ ዕቅድ አለ። ጄሲ ዋይዝ እና ልጇ ሱዛን ዋይዝ ባወር በ1999 ባሳተሙት «ዘ ዌል ትሬይንድ ማይንድ» በተባለ መጽሐፍ የተስፋፋ ነው። ታሪክ ከመጀመሪያው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ለአራት ዓመትም ይከፈላል። አንደኛው ዓመት ከጥንት እስከ 400፣ ሁለተኛው ከ400 እስከ 1600፣ ሦስተኛው ከ1600 እስከ 1850፣ አራተኛው ከ1850 እስከ ዛሬ። አራተኛው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለህ። በ12 የትምህርት ዓመታት ውስጥ ልጁ የዓለምን ታሪክ ሦስት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ተረኩን ይሰማል፤ በሁለተኛው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው ራሱ ተከራክሮ ይጽፋል።

(ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለምን ሁለቱንም እንደምጠቀም ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።)

ይህን ዕቅድ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አያቴ ነው። አያቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ንባብ ቤት ገብቶ ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፤ ግዕዙን በቃሉ ያወርደዋል፣ ትርጉሙን ግን አያውቀውም። ያ መንገድ እስከ መጨረሻው የሚሄድበትን ተማሪ ቅኔ ቤት የቋንቋውን ውስጥ ያሳየዋል፤ ከዚያ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ድሮ በልጅነቱ የደገመውን ያንኑ ንባብ «አንድም» እያለ በትርጓሜ ይፈታዋል። ጽሑፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ልጁ ነው። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን ዙር ሳየው «ይሄማ የኛው ነው» ብዬ ዘና አልኩ።

ዘና ስል ያላየሁት ነገር ነበር። ዙሩን ወድጄው፣ ቢላዋው የት የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ አላልኩም።

400 ላይ ምን ሆነ?

400 የሮም ቁጥር ነው። ሮም ከተማ በ410 ተዘረፈች፤ የምዕራቡ የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት በ476 ከዙፋን ወረደ። ስለዚህ ጥንቱን እዚያ አካባቢ መዝጋት ለአውሮፓ ልክ ነው። ለአክሱምስ?

አክሱም ውስጥ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው ጨረቃ ተነሥቶ መስቀል ገባ። ታሪኩ ገና እየጋመ ነው። የኔ ዕቅድ ግን እዚያ ላይ «ጥንት አበቃ፣ መልካም ክረምት» ይላል። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ 525 አካባቢ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያር ላይ የዘመተው ካሌብ ሁለተኛው ዓመት ውስጥ ከባላባቶችና ከግንብ ቤቶች ጋር «መካከለኛው ዘመን» ተብሎ ይመጣል። ከተማው ያው፣ መንግሥቱ ያው፤ ሳንቲሙ እንኳ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እየተመታ ነው። ልጄ ግን አንዱን መንግሥት ለሁለት ተቆርጦ፣ ሁለቴም እንደ እንግዳ ታገኘዋለች።

1600ም እንደዚያው ነው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የኢማም አሕመድ ጦር የልብነ ድንግልን ጦር አሸነፈ። በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። በዚያው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ሰፊ እንቅስቃሴ የአገሩን መልክ ለወጠው። የቤተ መንግሥቱ ማዕከል ወደ ሰሜን ምዕራብ እየሸሸ ሄዶ በ1636 ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆረ። ይኼ ሁሉ አንድ ሰንሰለት ነው። ፊተኛውን ያላወቀ ልጅ ጎንደር ለምን እዚያ እንደተሠራች አይገባውም። ቢላዋው ግን መሀል ሰንሰለቱ ላይ ነው ያረፈው።

1850 ላይ ዕድል ቀናን። ቴዎድሮስ የነገሠው በ1855 ነው፤ ባሕሩ ዘውዴም የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከሦስት አንድ።

ማንም ክፉ አስቦ የሠራው አይደለም። ታሪክን የሚከፍል ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚከፍለው። ችግሩ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አለማወቋ ነው። እሷ የሚመስላት ጊዜ ራሱ እዚያ ጋ የተሰበረ ነው።

ሌላ ማስመሪያ

በማግሥቱ ከአገር ቤት የመጣውን የመጽሐፍ ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። ተክለ ጻድቅ መኩሪያን ፍለጋ ነበር። እኚህ ዲፕሎማትና የታሪክ ጸሐፊ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፉባቸው፣ የስንት ትውልድ መማሪያ የሆኑ መጻሕፍት አሏቸው። ወለሉ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኳቸው። አንዱ ስለ ኑብያ፣ አክሱምና ዛጔ ነው። ሁለተኛው ከይኩኖ አምላክ እስከ ልብነ ድንግል። ሦስተኛው ከልብነ ድንግል እስከ ቴዎድሮስ። አራተኛው ከቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ።

አራት! አራት ክፍል፣ አራት ዓመት። ያሳቀኝ ግጥምጥሞሹ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ስፌቶቹ ሌላ ቦታ መሆናቸው ነው። እዚህ የሚቆረጠው 1270 ላይ፣ ከዚያ ከ1508 እስከ 1540 በነገሠው በልብነ ድንግል ዘመን፣ ከዚያ 1855 ላይ ነው። ከላይኛው ወረቀት ሥር ሁለተኛ ወረቀት ለጠፍኩ። የላይኛውና የታችኛው መስመር አልገጠሙም። እንዲገጥሙም አልሞከርኩም። ልጄ ልታየው የሚገባት ያንን አለመግጠም ነው።

ከዚያ 35 ሳንቲ ሜትሩን አብረን መሙላት ጀመርን። ከ1314 እስከ 1344 የነገሠው ዓምደ ጽዮን። በ1402 ቬኒስ የደረሱት የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ ራሱም ጸሐፊ የነበረው ዘርዐ ያዕቆብ። በ1441 ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ የተገኙት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት። በዘይላ በኩል ከባሕሩ ንግድ ጋር የተሳሰሩት ኢፋትና አዳል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የሐረር ግንብ። ጎንደር። ከ1769 እስከ 1855 ዘመነ መሳፍንት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካርድ የሚለጠፍበት ቦታ ጠፋ። እንቅልፍ የት አለ?

በኩራት ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ የጅማ ልጅ ናት። እጇን አጣጥፋ ከዳር እስከ ዳር አየችና «አሪፍ ነው» አለች። «እኔ ግን የቱ ጋ ነኝ?»

እውነቷን ነው። የታችኛውም ወረቀት የነገሥታት ስም ዝርዝር ነበር፤ በዙፋን የሚቆጥር፣ የሰሜኑን ዙፋን። በዚያ ማስመሪያ ከሄድን፣ ቅድመ አያቶቿ የኖሩበት የጅማ መንግሥት የሚታየው ለምኒልክ ሲገብር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በጊቤ አምስት መንግሥታት እንደነበሩ፣ አባ ጅፋር ዳግማዊም እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን እስከ 1932 ድረስ ይዘው መቆየታቸው አይታይም። ባዶውን ወረቀት አንድ ደረጃ ወደ ታች አወረድኩት እንጂ አላጠፋሁትም።

ሦስተኛው ወረቀት የተለጠፈው ያኔ ነው። እዚህኛው ላይ ዓመት የሚቆጠረው በገዳ ነው። የገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ የቦረና ሽማግሌዎች ያለፈውን ጊዜ የሚያስታውሱት «በእገሌ አባ ገዳነት ዘመን» እያሉ ነው። በኛ ግድግዳ ስምንት ዓመት 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልጄ ከ1500 ወዲህ ያለውን በእርሳስ ከፋፈለችው፤ 65 ገደማ ሆነ፣ መሰላል መሰለ። የጊቤ መንግሥታት ከገዳ ወደ ንግሥና የተሻገሩ መሆናቸውን ስነግራት መሰላሉ ላይ የቱ ጋ ዘውድ እንደምትስል ግራ ገባት። እኔም ግራ ገባኝ። አብረን ለማንበብ ጥሩ ምክንያት ሆነን።

ዓድዋ በየትኛው ቀን ነው?

ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስተማር ልጁን አያደናግርም ወይ ይሉኛል። ያደናግራል። ጥሩ ማደናገር ነው።

ባለፈው ዓመት ልጄ አንድ ስህተት ያዘችብኝ፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሏት ነበር። እኛ ዓድዋን የምናከብረው የካቲት 23 ነው፤ ያ ቀን እዚህ ማርች 2 ላይ ይውላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፏ ግን ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። ማነው የተሳሳተው?

ማንም አልተሳሳተም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥም ማርች 1 ላይ ነበር የዋለው። ከዚያ 1900 መጣ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ100 ተካፍሎ በ400 የማይካፈል ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የለውም፤ የኛ ካሌንደር ግን ያለማቋረጥ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሁለቱ በአንድ ቀን ተራራቁ። ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ነው። ልጄ ይህን በወረቀት ላይ ራሷ ቆጥራ ስትደርስበት የነበራትን ፊት ባያችሁት! ቀን ራሱ ሰው የሠራው ማስመሪያ መሆኑን ከዚያ ወዲህ አላስረዳኋትም። አያስፈልጋትም።

ዕቅዱ ዛሬ

ማድረግ ለምትፈልጉ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቱን በ36 ሳምንት ይዘነዋል። 24ቱ በላይኛው ወረቀት፣ 12ቱ በታችኞቹ ሁለት። ሰማያዊ ካርድ በተለጠፈ ቁጥር «በዚያን ጊዜ እኛ ጋስ?» እንጠይቃለን። አረንጓዴ ሲለጠፍ ደግሞ ተገላቢጦሹን። የነገሥታት ስም በቃል አናጠናም። ሁሉንም ለመጨረስ አንሞክርም፤ ዙሩ ተመልሶ ስለሚመጣ የቀረው ይቀራል።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። የየዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ላይ እርሳሱን ለእሷ እሰጣታለሁ። «አንቺ ብትሆኚ የት ትቆርጪው ነበር?» ሁለተኛውን ዓመት ስንጨርስ 1543 ላይ ቆረጠችው። ለምን ስላት «ሁሉም ደክሞት ነበራ» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ምክንያት ያቀረበ መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

29ኛው ሳምንት

አሁን አራተኛው ዓመት ላይ ነን። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ዕቅዱን ሳወጣ 29ኛው ሳምንት ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አብዮት»። ሳምንቱ ሲቃረብ ወደ 30ኛው ገፋሁት። ከዚያ ወደ 31ኛው።

አዲስ አበባ እናቴ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶ አለ። አፍሮ ያበጠረ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ የከፈተ ወጣት። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ልጄ በቪዲዮ ከአያቷ ጋር ባወራች ቁጥር ከጀርባዋ ታየዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነበር፤ «ወጥቶ ቀረ»። ትምህርት ቤት ስለ ቀይ ሽብር አንድ አንቀጽ ተምረን አልፈናል፤ ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። ያ አንቀጽና ያ ፎቶ አንድ ነገር መሆናቸውን ያወቅኩት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ለዓመታት ፎቶው ሥር ምሳ በልቻለሁ፣ የቤት ሥራ ሠርቻለሁ።

ከላሊበላ እስከ ዓድዋ ያለውን ባዶ ወረቀት አይቼ የተናደድኩት ሰውዬ፣ ሳሎናችን ውስጥ ያለውን ባዶ ለልጄ ላወርሳት ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ አሥር ዓመቷ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሆነውን በሙሉ ለአሥር ዓመት ልጅ አልነግርም። መጨረሻ ላይ መንገዱን ያሳየኝ ዙሩ ነው። አያቴ ዳዊቱን ሲደግም ትርጉሙ ተደብቆበት አልነበረም፤ ቆይቶለት ነበር። ማቆየትና መደበቅ ይለያያሉ። የሚያቆይ ሰው ቦታውን ምልክት አድርጎ ይተወዋል፤ ልጁ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣበታል። የሚደብቅ ሰው ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩት። በዚህ ዙር፦ ተማሪ ነበር፤ ያኔ የነበረው መንግሥት ብዙ ወጣቶችን ገደለ፤ እሱም አንዱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት፦ የመሬት ጥያቄና የተማሪዎች እንቅስቃሴ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ፣ ኢሕአፓና መኢሶን፤ ማን ማንን፣ በምን ምክንያት፣ በምን ያህል ጉልበት። አሥራ ስምንት ሲሆናት፦ ሰነዱን ራሱ፣ በ2006 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለበትን ችሎት፤ ቢቻል ደግሞ አዲስ አበባ ሄደን መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም።

ግን ታሪኩ የኔ ብቻ አይደለም። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ምን ብለህ ልትነግራት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ዓመቱን ብቻ እንዳትጽፉ። ስሙን ትጻፈው።»

ልጄ ካርዱን ራሷ ቆረጠችው፤ አረንጓዴ። ከ1948 እስከ 1970 ዓ.ም.። 22 ዓመት በኛ ወረቀት 1.1 ሳንቲ ሜትር ነው። ስሙን ወደ ጎን ስትጽፈው አልገባ አላት፤ ሞከረች፣ አጠፋች፣ እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ ካርዱን አቁማ ከላይ ወደ ታች ጻፈችው። ለጥፋ ስትጨርስ ከጎኑ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረገች።

«ይሄ ለሁለተኛው ዙር ነው» አለችኝ።